እንዝራ የሌለው በገና

አማርኛ «በገነ» ሲል ተቃጠለ፣ በንዴት ተንጨረጨረ ማለቱ ነው። የሰሞኑን የበገና ውድድር መመዘኛ ያነበበ ሰው የሚሰማውን ለመግለጽ ሌላ ቃል መፈለግ አያሻም። ወረቀቱ ሦስት ዓይነት በገና ከመድረክ ያግዳል፤ ናይለን የተወጠረበትን፣ የጊታር መቃኛ የተገጠመለትን፣ አውታሩ ከአሥር የጎደለውን። ከአውታሩ ሥር ስለምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ስለ እንዝራ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። አስተባባሪው በቴሌቪዥን ቀርበው ሲጠየቁ እንዝራ ማድረግም መተውም የደርዳሪው ምርጫ ነው ብለው አለፉት። ናይለኑ ለምን እንደታገደ ሲጠየቁ ደግሞ ዳዊት የደረደረው በገና 3 ሺህ ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ እጃችን ገብቷል፣ በእኛ ዘመን በፕላስቲክ አይበረዝም አሉ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው።

የ3 ሺህ ዓመቱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው፤ ብዙ አያለፋም። ዳዊት የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ ነው። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ይደረደር የነበረው ኪኖር ነው፤ ክንድ ላይ አቅፈው፣ ቆመውም እየሄዱም የሚመቱት ትንሽ መሣሪያ። በዚያው አገር ከጥንታዊቷ ከተማ ከመጊዶ ቁፋሮ በወጣው የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ላይ ደርዳሪው በዙፋን ከተቀመጠው ገዢ ፊት ቆሞ ይታያል፤ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። የእኛ በገና ከአንድ ሜትር በላይ ይቆማል። ደርዳሪው ተቀምጦ ፊቱ ያቆመዋል እንጂ አቅፎት አይሄድም። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ፣ እሱም ከዳዊት አንድ ሺህ ዓመት ዘግይቶ፣ ኪኖር አሥር አውታር አለው፣ በመግረፊያ ይመታል፤ ሌላው የአውታር መሣሪያ ኔቤል ግን አሥራ ሁለት አለው፣ በጣት ይመታል ብሎ ጽፏል። እንግዲህ የእኛ በገና አሥር አውታር ይዞ አብዛኛውን ጊዜ በጣት የሚደረደር ነው። ቁጥሩን ከአንዱ፣ አመታቱን ከሌላው ወስዷል ማለት ነው። «ሳይለወጥ» የሚለው ቃል እዚህ የት ላይ እንደሚቆም አስተባባሪው ቢያሳዩን ደስ ይለናል።

መዝሙረ ዳዊቱ ራሱም አይረዳቸውም። ግዕዙ «ወበመዝሙር ዘዐሠርቱ አውታሪሁ ዘምሩ ሎቱ» ይላል። አሥር አውታር ያለው ዕቃ በግዕዙ ስሙ «መዝሙር» ነው። «በገና» የሚለውን ቃል እዚያ ቦታ ላይ ያስገባው የአማርኛው ትርጉም ነው። በዚያው ጥቅስ «መሰንቆ» የሚል ቃል ደግሞ አለ። ታዲያ ዳዊት እንደ አዝማሪ በጭራ ይገዘግዝ ነበር ልንል ነው? አውታርን በጭራ መገዝገዝ በየትኛውም የዓለም ክፍል ስለመኖሩ ማስረጃ የሚገኘው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ። ስሙ ቀድሞ ነበረ፤ ዕቃው ከሥሩ ተለወጠ። በመሰንቆ የደረሰው በበገና የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ትውፊቱን ማንቋሸሼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም መጣ የሚለው ትውፊት የራሱ ክብር አለው፤ ዳዊትን በገና አስይዞ የሣለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ሠዓሊም የሚያምንበትን ነው የሣለው። ነገር ግን ትውፊት የእምነት ቃል ነው፤ የክር ውፍረት መለኪያ፣ የመቃኛ ዓይነት መምረጫ አይደለም። ትውፊትን የናይለን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ትውፊቱን አላከበረውም፤ ፍርድ ቤት አቁሞ ያላየውን አስመስክሮታል።

የመሣሪያውን ዘር በእውነት መቁጠር የሚሻ ካለ መንገዱ ሌላ ነው። በገናና ክራር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ድምፁን ከሚያጎላው ሣጥን፣ ከገበቴው ሁለት ምሰሶ ይወጣል፣ ምሰሶዎቹን ከላይ ቀንበር ያያይዛቸዋል፣ አውታሩ ከቀንበሩ ወርዶ በርኩማ በሚባለው መደገፊያ እንጨት ላይ ተሻግሮ ገበቴው ግርጌ ይታሰራል። ይህ አሠራር ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር፣ በኡር መቃብሮች ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ ተቀብሮ ተገኝቷል። ግብፅ ውስጥ ቤኒ ሐሰን ባለው መቃብር ግድግዳ ላይ ከምሥራቅ የመጡ ሴማውያን ይዘውት ሲገቡ ይታያል፤ ያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1900 ገደማ ነው። ከዳዊት ዘጠኝ መቶ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የቀረው ዓለም ይህን ቤተሰብ አብዛኛውን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሲያስቀምጠው ምሥራቅ አፍሪካ ግን ዛሬም ይደረድረዋል፤ ሱዳን በታንቡሩ፣ ስዊዝ አካባቢ በሲምሲሚያው፣ ዑጋንዳ በእንዶንጎው፣ የኬንያ ሉዎዎች በስምንት አውታሩ ኛቲቲ። የናይልን ወንዝ ተከትሎ ለተዘረጋ ሰፊ ዘመድ አዝማድ «ዳዊት ሰጠን፣ ዘጋን» የሚል አጥር ማጠር ዘርን ማሳነስ እንጂ ማክበር አይደለም።

በነገራችን ላይ የቱሪስት ወረቀቶች ሁሉ «የዳዊት ሃርፕ» እያሉ የሚጠሩት ስሕተት ነው። በሃርፕ አውታሩ ከገበቴው ተነስቶ ሽቅብ ወደ አንገቱ ይሄዳል፤ በርኩማ የለውም። በገና ግን በርኩማ አለው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በርኩማ የሌለው መሣሪያ እንዝራ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ እንዝራ የሌለው ደግሞ በገና አይደለም።

ወደ ቁም ነገሩ ደረስን።

እንዝራ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ለእያንዳንዱ አውታር አንዳንድ ትደረጋለች፤ ቦታዋ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ነው። ስትታይ የተረሳ ውዳቂ ትመስላለች፤ አዲስ ተማሪ «ይቺ ለምንድናት?» ብሎ ሊያወጣት የሚሞክራት የመጀመሪያዋ ነገር እሷ ናት። በግዕዙ መዝሙር በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ስደተኞች ዛፍ ላይ የሰቀሉት መሣሪያ «ዕንዚራ» ይባላል። ሙሉ መሣሪያ የሚጠራበት ስም ዛሬ የዚህች ቁራጭ ቆዳ ስም ሆኖ መቅረቱን የታዘበ ሰው የሷን ቦታ «ምርጫ» ለማለት አፉን አያሞጠሙጥም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የጊታር መደገፊያ ቀጭን ነው፤ ክሩ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ተደግፎ ይርገበገባልና ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። የበገና በርኩማ ግን አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። አውታሩን እንዲሁ ቢያስተኙበት ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይታፈናል፤ «ዱብ» ብሎ ይሞታል። እንዝራዋ ገብታ አውታሩን ከጠፍጣፋው እንጨት ላይ የፀጉር ውፍረት ያህል ታነሳዋለች። ያኔ አውታሩ ሲመታ በተርገበገበ ቁጥር እንጨቱን ይዳስሰዋል፣ ይላቀቃል፣ ተመልሶ ይዳስሰዋል። ያ የማያቋርጥ ዳሰሳ ነው በገናን በገና የሚያደርገው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያንዣብበው ድምፅ።

ለጌጥ የተጨመረ እንዳይመስላችሁ። የበገና አውታር የሚቃኘው እጅግ ወፍራም ድምፅ ላይ ነው፤ ገበቴው ግን ያን ወፍራም ድምፅ ወደ አየር ለመግፋት አይበቃም፣ ትንሽ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ቢቀር ራቅ ብሎ ለተቀመጠ በደንብ አይሰማም። የእንዝራዋ ዳሰሳ የአውታሩን ጉልበት ወደ ላይኞቹ ቀጫጭን ድምፆች ያሻግረዋል፤ እነሱን ገበቴው በሚገባ ያወጣቸዋል፤ ጆሮ ደግሞ ከእነሱ ተነስቶ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል። ያለ እንዝራ የሚደረደር በገና እየሰማን ያለነው ያልተጠናቀቀ ድምፅ ነው። አስተባባሪው ምርጫ ያሉት ይህን ነው። ዋሽንት ላይ ቀዳዳ መብሳት የነፊው ምርጫ ነው ቢሉ ምን ይለያል?

አቀማመጧን የሚያውቅ ደግሞ የበለጠ ይበግናል። መጀመሪያ አውታሩ ሙሉ በሙሉ ይቃኛል፤ ባልተቃኘ አውታር ላይ እንዝራ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፣ ውጥረቱ በተለወጠ ቁጥር ቦታዋ ይለወጣልና። ከዚያ በአንድ እጅ አውታሩን እየመቱ በሌላው እንዝራዋን በበርኩማው ላይ በጣም በዝግታ መግፋት ነው። ወደ ፊት፣ ወደሚርገበገበው የአውታሩ ክፍል አብዝተው ከገፏት አውታሩ ከእንጨቱ ፈጽሞ ይነሳና እንደ ክራር ጥርት ይላል፤ ንዝረቱ ይጠፋል። አብዝተው ወደ ኋላ ከሳቧት አውታሩ ተኝቶ ይታፈናል። በሁለቱ መካከል ያለችው ትክክለኛ ቦታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አትሰፋም። የምትታወቀውም በዚህ ነው፤ ድምፁ በተመታበት ቅጽበት አይፈነዳም፣ ከምቱ በኋላ እንደ አበባ ይከፈታል፣ ለሰከንዶች ይቆይና ቀስ ብሎ ይከስማል። ገና ሲመታ ጮሆ ወዲያው የሚቋረጥ ከሆነ እንዝራዋ ወደ ኋላ ቀርታለች። መሀል ላይ «ጭር» የሚል የብረት ዓይነት ድምፅ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእንዝራዋ አይደለም፤ አውታሩ በርኩማው ላይ ጎድጓዳ ቆፍሯል፣ ገጹ ተልጎ እንደገና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ስለዚህ ነው በርኩማ ከጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ ከወይራ የሚመረጠው። ለስላሳ እንጨት ከሆነ አውታሩ እየቆፈረ ይገባበታል።

አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀርም አይደለም። ቆዳዋ ከአውታሩ ሥር ስትቆይ ትደቆሳለች፣ ቦይ ይወጣባታል፤ ትንሽ ወደ ጎን ማንሸራተት ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። እርጥበት ከገባት ትለሰልስና ድምፁን ትበላዋለች። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ቀጭን ከሆነ ክረምት ሲገባ ይረግባል፤ በርኩማው ዝቅ ይላል፤ በርኩማው ዝቅ ሲል የአሥሩም እንዝራ ቦታ ባንድ ጊዜ ይናጋል። ጠቢብ ሠሪ ወፍራም የበሬ ቆዳ የሚመርጠው፣ በውኃ በደንብ ካራሰው በኋላ ገበቴውን አልብሶ ጎትቶ የሚሰፋውና በጥላ የሚያደርቀው ለዚህ ነው። በፀሐይ የደረቀ ቆዳ ቶሎ ይወጠራል፣ ቶሎም በስፌቱ በኩል ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ ለፍቶ መማርን ይጠይቃል። ሰበቡ ይኸው ነው! እንዝራ «ምርጫ» የሆነችው ስለማታስፈልግ ሳይሆን ስለምታስቸግር ነው። በሦስት ወር ተማሪ አስመርቆ ነጭ ልብስ አልብሶ ፎቶ የሚያነሳ አሠልጣኝ እንዝራ ለማስተካከል ጊዜ የለውም፤ አንዳንዱም አያውቅበትም። ድምፅ ቀራጩ ደግሞ ንዝረቱን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ ከኪቦርድ ጋር አብሮ ለማዋሃድ ያውከዋልና «እሱን ነገር ልታጠፉልኝ አትችሉም?» ይላል። ያጠፉለታል። ከዚያ ትልቅ፣ ባለ አሥር አውታር፣ ዝምተኛ ክራር ተሸክመን በገና ነው እንላለን። መመዘኛው ይህን ትልቅ ክራር አውታሩ ከበግ አንጀት የተገመደ ጅማት እስከሆነ ድረስ በክብር ያሳልፈዋል።

በዚህች ቁራጭ ቆዳ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ እሱ ነው። የሕንዱ ባለ ክር መሣሪያ ታንፑራ በሰፊ በርኩማው ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር የጥጥ ፈትል እየተደረገለት ይነዝራል፤ ስልቱ ከእንዝራ ጋር አንድ ነው። ወደ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር መሣሪያ ቁጥር ስፍር የለውም። በአውራ ጣት በሚመታው የዚምባብዌው ምቢራ ላይ ቀንድ አውጣ ዛጎል ወይም የጠርሙስ ክዳን ይታሰራል። በምዕራብ አፍሪካው ባለ እንጨት ረድፍ መሣሪያ በባላፎን ሥር ያሉት ቅሎች ቀዳዳ ተበስቶላቸው በሸረሪት ድር ልባስ ይሸፈናሉ። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ማንዴዎች ባለ አውታር መሣሪያ ኮራ በርኩማው ላይ የሚንጫጫ ቆርቆሮ ይሰካበታል። ይህ አህጉር ጥርት ያለ ድምፅ ዕራቁቱን ነው ብሎ የሚያምን አህጉር ነው። እንግዲህ ሙግቴ ይህ ነው፤ የበገና ምሰሶና ቀንበር ከየትም ይምጣ፣ ድምፁ የተወለደው እዚሁ ነው። አጥንቱን ከኢየሩሳሌም አመጣነው የሚል ካለ ይበል፤ ድምፁን ግን ማንም አልሰጠንም። አስተባባሪው የውጭውን ስጦታ በሦስት አንቀጽ እየጠበቁ የራሳችንን በምርጫ ስም መጣላቸው ነው የሚያበግነው።

ስለ አሥሩ አውታር አጭር ነገር። አሥሩ በአሠርቱ ትእዛዛት ይመሰላሉ፣ ያምራል፣ ይቆይ። ግን አብዛኛው ደርዳሪ የሚመታው አምስት ወይም ስድስት አውታር ብቻ ነው፤ ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነውና። የቀሩት ጣቶች ከምቱ በኋላ የሚያርፉባቸው ናቸው። ማረፊያዎቹም ጥቅም አላቸው፤ ጣት የሚያርፍበት ከሌለው እጅ ይንከራተታል፣ ምቱም እኩል አይሆንም። ስለዚህ አሥሩ ይኑሩ ስል አስተባባሪው ሳይቆጡ የምስማማበት ብቸኛ አንቀጽ ይህ ነው። ነገር ግን አውታር መቁጠር ሕፃንም ይችላል፤ ለዚያ ዳኛ አያስፈልግም።

ናይለኑ ጋ እንምጣ። ጅማት ከናይለን ይሻላል? ለጆሮ ይሻላል፤ ይህን የሚክድ ጅማት ሰምቶ የማያውቅ ነው። ግን ጅማት ብቻ ይሁን ብሎ ደንብ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ጅማት እንዴት እንደሚሠራ ቢያስብ መልካም ነበር። የበግ ቀጭን አንጀት ገና ትኩስ ሳለ ፈርሱ ይወጣል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ስቡና ንፍጡ በደነዘዘ ስለት ተፍቆ ይለቃል። ስብ ከቀረበት ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ድምፁም ይደነዝዛል። ከዚያ እንደሚፈለገው ውፍረት የተለያየ ብዛት ያለው አንጀት እርጥብ እንዳለ ባንድነት ይገመዳል፣ በሁለት ካስማ መካከል ተወጥሮ በጥላ ይደርቃል። ግምዱ እኩል ካልሆነ፣ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከቀጠነ፣ አውታሩ ሲመታ ሁለት የተጣሉ ድምፆች ባንድነት ያወጣል፤ ያን አውታር የትኛውም ጆሮ አይቃኘውም፣ መጣል ብቻ ነው መድኃኒቱ። ተሳክቶ ተሠራ እንበል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣና ቅኝቱ ይፈርሳል፣ በጋ ደርቆ ይበጠሳል፣ እንዝራው የሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ግምዱ እየተፈታ ይሸረከታል። አሥር እንዲህ ያለ አውታር እኩል አድርጎ የሚገምድ ሰው በየከተማው አለ ብለው ከሆነ ደንቡን ያወጡት፣ የት እንዳለ ለተወዳዳሪዎቹ አብረው ቢያውጁላቸው ምን ነበረበት?

ናይለን በገናን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሰሙት በትክክል ያልተወጠረ ናይለን ነው። ጀማሪው የሚሠራው ጥፋት የታወቀ ነው፤ አንድ ጥቅል የዓሣ ማጥመጃ ክር ይገዛና አሥሩንም በአንድ ውፍረት ይወጥራቸዋል። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ያለው ይረግባል፣ እየተወዛወዘ ከጎረቤቱ ጋር ይላተማል፤ ቀጭኑ ላይ ያለው ከልክ በላይ ተወጥሮ ቀንበሩን ይጎትታል። መፍትሔው ስሌት ነው። የጅማት ክብደት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.3 ግራም ገደማ ሲሆን የናይለን 1.14 ገደማ ነው። በዚያው ርዝመትና በዚያው ውጥረት ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈለገ ናይለኑ ከጅማቱ 7 በመቶ ያህል መወፈር አለበት፤ በ1 ሚሊ ሜትር ጅማት ቦታ 1.07 ሚሊ ሜትር ናይለን ማለት ነው። ለወፍራሞቹ አውታሮች ሌላ ውፍረት፣ ለመካከለኞቹ ሌላ፣ ለቀጫጭኖቹ ሌላ ይመረጣል። ናይለን አዲስ ሲሆን ብዙ ይለጠጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ መቃኘት እንጂ እንዝራ ለማስተካከል መቸኮል አይገባም። ገጹም ከጅማት ይልቅ ስለሚያዳልጥ እንዝራዋ ከቦታዋ እንዳትሸሽ ጠንከር ያለ፣ ሸካራ ገጽ ያለው ቆዳ ይመረጥላታል። ይህን ያደረገ ሰው የሚያወጣው ድምፅ እንዝራ ከሌለው ምርጥ ጅማት ጋር ይነጻጸርና ዓይን የተሸፈነ ዳኛ ይፍረደን። ውርርዱን በገንዘብም ቢሆን እቀበላለሁ።

የመቃኛው ክልከላማ ቀልድ ነው። ቀንበሩ ላይ በሚጠመዘዝ ዘንግ የሚቃኝም በጊታር ጥርስ የሚቃኝም አውታር ለጆሮ አንድ ነው፤ የሚለየው ዘንጉ በየደቂቃው እየተንሸራተተ ሊያናድድ መቻሉ ነው። ብረቱ ከላይ ማክበዱና አሥር ቀዳዳ የተበሳለት ቀንበር መዳከሙ እውነት ነው፤ ግን ያ የአናጺ ጉዳይ ነው፣ የቅርስ አይደለም።

ቅርስ ጠባቂዎቻችን በገናን ሊገድለው የደረሰው ምን እንደነበር የረሱት ይመስላል። ናይለን አልነበረም። በገና የመኳንንቱና የካህናቱ፣ የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነበር፤ ይህ መታወቂያው በደርግ ዘመን ጥፋቱ ሆነ። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ያስተማሯቸው በገና ደርዳሪው አለሙ አጋ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ በደርግ ጊዜ ትምህርቱ እንዲቀር ተደረገ። በገናው ያን ጊዜ የተረፈው ጥቂት ሰዎች በየቤታቸው ጣታቸውና ጆሯቸው ላይ ስላቆዩት ነው። ያኔ የታገደው መምህርና ተማሪ ነበር። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው የሚማሩት ወጣቶች ደግሞ አብዛኞቹ የሚማሩት ናይለን በተወጠረ በገና ነው፤ ሌላ ስላላገኙ። እነዚህን ከደጅ መልሶ፣ ጅማት የሚያስገምድበት አቅም ያለውን ብቻ አስገብቶ፣ ይህን «ቅርስ መጠበቅ» ማለት በሩን በራስ ላይ መዝጋት ነው።

አዘጋጆቹ ወረቀቱን ለማረም ገና ጊዜ አላቸው። ከሦስቱ ክልከላ ሁለቱን ቢሰርዙና በምትካቸው አንድ ፈተና ቢያስገቡ ይበቃል። ተወዳዳሪው በገናውን ቃኝቶ ያቅርብ፤ ዳኛው አሥሩን እንዝራ በራሱ እጅ ከቦታቸው ያናጋ። ከዚያ ተወዳዳሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ያስተካክላቸው። ሲጨርስ ወፍራሙን አውታር አንድ ጊዜ ይምታና እጁን ያንሳ፤ ዳኛው ደግሞ ንዝረቱ ተከፍቶ እስኪከስም ያለውን ሰከንድ ይቁጠር።